በሊንክድ ሊስት ውስጥ አዲስ አባል ስለ ማስገባት
(ለተማሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ሥራ ነው፤ ይኸውም በሊንክድ ሊስት ውስጥ አዲስ አባል ስለ ማስገባት ነው። ሥራዋ በሁለት መስመር ታልቃለች። ነገር ግን ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ብዙው ሰው የሚሰናከለው በእነዚሁ በሁለቱ መስመሮች ላይ ነው። የሚሰናከልበትም ምክንያት ነገሩ ከባድ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ መስመሮቹን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞ፥ ሥዕሉን አንድ ጊዜ እንኳ በወረቀት ሳይስል ወደ ፈተና ስለሚገባ ነው።

አሬይ የሚባለው አቀማመጥ በአንድ ረድፍ ተጠጋግተው እንደ ተሠሩ ቤቶች ነው፤ የቤቱን ቁጥር ካወቅን በቀጥታ እንደርስበታለን። ሊንክድ ሊስት ግን የጽዋ ማኅበርን ይመስላል። የዚህ ወር ደጋሽ ጽዋውን የሚያስረክበው ለሚቀጥለው ተረኛ ነው፤ ያም ተረኛ በፈንታው ለተከታዩ ያስረክባል። (በእውነተኛው ማኅበር ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ስለዚህ ምሳሌውን ከዚህ በላይ አንገፋውም።) ኖድ የሚባለው እያንዳንዱ አባል ሁለት ነገር ብቻ ይይዛል፤ አንደኛው የራሱ ዕቃ፥ ሁለተኛው የተከታዩ አድራሻ ነው። የመጨረሻው አባል ተከታይ ስለሌለው በአድራሻው ስፍራ ናል ይጻፋል። ዝርዝሩን የያዘው ፕሮግራም የሚያውቀው ሄድ የተባለውን የመጀመሪያውን አባል ብቻ ነው።

እንግዲህ በአልማዝና በከበደ መካከል ወርቁን ማስገባት ፈለግን እንበል። አስቀድሞ ወርቁ የከበደን አድራሻ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አልማዝ የወርቁን አድራሻ ትይዛለች። ሥራው አለቀ። ከበደ አልተነካም፤ ከእርሱ በኋላ ሺህ አባል ቢኖርም አንዱም ከስፍራው አልተንቀሳቀሰም። በአሬይ ቢሆን ኖሮ ሁሉም አንድ አንድ ቦታ መሸሽ ነበረባቸው።

ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውስ? አልማዝ አስቀድማ የወርቁን አድራሻ ብትይዝ፥ የከበደ አድራሻ የተጻፈው በእርስዋ ዘንድ ብቻ ስለ ነበረ ጠፋ ማለት ነው። ቀጥሎ ወርቁ «የአልማዝን ተከታይ ልያዝ» ቢል፥ የአልማዝ ተከታይ አሁን ራሱ ወርቁ ነውና የገዛ አድራሻውን ይጽፋል። ዝርዝሩን የሚቈጥር ፕሮግራም ወርቁ ዘንድ ሲደርስ ወደ ወርቁ ይላካል፤ ከወርቁም ወደ ወርቁ፤ ካላቆሙት በቀር አይቆምም። ከበደና ተከታዮቹስ ወዴት ሄዱ? በጃቫ ሌላ የሚያመለክታቸው ከሌለ ጋርቤጅ ኮሌክተር የሚባለው ጠራጊ ይወስዳቸዋል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ግን ማንም የማይደርስባቸው ሆነው፥ ፕሮግራሙ እስኪያበቃ ድረስ ቦታ ይዘው ይቀራሉ። ያ ዝርዝር የሕመምተኞች ተራ ቢሆን፥ ኮምፒውተሩ በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ሳይናገር ሰዎች ከተራው ወጡ ማለት ነው።

በመጨረሻው ስፍራ ማስገባት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሄድን ብቻ የምናውቅ ከሆነ መጨረሻውን ለማግኘት ሁሉን አባል ማለፍ አለብን። በዚህ ዓይነት 10,000 አባሎችን አንድ በአንድ ብንጨምር፥ ጉብኝቱ በጠቅላላው 49,995,000 ይሆናል። ቴይል ብለን የመጨረሻውን አባል አድራሻ ብንይዝ ይህ ሁሉ ጉዞ ይቀራል፤ ዋጋው ዝርዝሩ ባዶ በሆነ ጊዜ ሄድንም ቴይልንም አብሮ ማስተካከል ነው። ይህን የረሳ ሰው ፕሮግራሙ ገና በመጀመሪያው አባል ላይ ይወድቅበታል።

ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚባለው አሠራር የሚጠቅመን ከዚህ ላይ ነው። ሄድ፥ ቴይልና የአባሎቹ ቍጥር በክላሱ ውስጥ ተዘግተው፥ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ አድ በተባለው ሜተድ በኩል ብቻ ይገባል። የሁለቱ መስመሮች ቅደም ተከተል በአንድ ስፍራ ከተጻፈ በኋላ ሌላ ሰው ሊገለብጠው አይችልም። በብዙ የተማሪ ሥራዎች ግን ክላስ የሚለው ስም ብቻ ይሰጥና፥ ኔክስት ለማንም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ይህ በር ሠርቶ መቀርቀሪያውን መተው ነው፤ እኛ አንደግፈውም።

ሊንክድ ሊስትን አለን ኒዌል፥ ክሊፍ ሾውና ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 አይ ፒ ኤል ለተባለው ቋንቋቸው አወጡት። ከክላስ ጋር የተገናኘው ግን በኦስሎ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ፥ በ2001 የቱሪንግን ሽልማት ያገኙት ኖርዌያውያን፥ ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋቸው ውስጥ ሲምሴት የሚባል ክላስ አኖሩ። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ ነው። ዛሬ በጃቫ ዝርዝሩን «ይህን ሰው ጨምር» እንለዋለን፤ በሲሙላ ግን የሚታዘዘው ሰውየው ራሱ ነው፤ «ወደዚህ ሰልፍ ግባ» ይባላል። እርሱም አስቀድሞ ካለበት ሰልፍ ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት ሰልፍ መቆም አይችልም። ሲሙላ የተሠራው እንዲህ ያለውን የወረፋ ሥራ አስመስሎ ለማስላት ነበረና ደንቡ ተገቢ ነው። ደግሞም ሄዱ ራሱ የክቡ አንድ አባል ሆኖ፥ ሰልፉ ባዶ ሲሆን ራሱን ስለሚያመለክት፥ ቅድም ያስቸገረን የባዶው ጣጣ አይነሣም። እኛ ከሁሉ ይልቅ የወደድነው ይህን ነው።

ለማንኛውም ሥራ ሊንክድ ሊስት ይሻላል ማለታችን አይደለም። በጃቫ ያለውን ሊንክድ ሊስት የጻፈው ጆሹዋ ብሎክ እንኳ ራሱ እንደማይጠቀምበት በ2015 በይፋ ተናግሯል። የአሬይ ዕቃዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ያነሣል፤ የኖዶቹ አድራሻ ግን የተበታተነ ነው። የምናስገባበትንም ስፍራ ለማግኘት ብዙ ከተጓዝን፥ በማስገባቱ ያተረፍነውን በጉዞው እናጠፋዋለን። ስለዚህ አልማዝ አስቀድማ በእጃችን ካለች በሊንክድ ሊስት እንሥራ፤ ፈልገን የምናገኛት ከሆነ ግን አሬይን እንመርጣለን።

ሦስቱንም በጥቍር ሰሌዳው ላይ ሥለናቸዋል። ጥያቄ ያለው ጠመኔው ይኸው።