በሽታን ስለ መቍጠር
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተነገረ ንግግር



በዛሬው በዓል እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ልንናገርበት የመረጥነው ተላላፊ በሽታን ስለ መጠባበቅ ነው። በበዓል ቀን ስለ በሽታ ማውራት የማይገባ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በክረምት ወንዞቹ ሜዳውን ያለብሱታል፤ ውኃው ለሩዛችን በረከት ይሆናል፤ ሲሸሽ ግን የሚቀረው ኩሬ ለወባ ትንኝ መራቢያ ነው።

በሽታን የሚጠባበቁ ተመራማሪዎች ሥራ ምንድን ነው? መቍጠር፣ መጻፍ፣ ማነጻጸር፣ ከዚያም ፈጥኖ መናገር ነው። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደምንማረው፣ ካህኑ በቆዳው ላይ ምልክት የታየበትን ሰው ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየውና በሰባተኛው ቀን ምልክቱ ሰፍቶ እንደ ሆነ ተመልሶ ያይ ነበር። በአገራችንም የጤና ሥርዓት ሪፖርቱ በየሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ተጠቃሎ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በወረዳ፣ በዞንና በክልል አልፎ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንዲደርስ ተደንግጓል። እንደ ኮሌራ ያለው ግን ሳምንት አይጠበቅለትም፤ እንደ ታየ ይነገራል። የታመመ ባይኖርም «ዜሮ» ተብሎ ይላካል፤ ዝምታው ከጤና ወይም ከቸልታ መሆኑ የሚለየው በዚህ ነውና።

ለወባ ደግሞ ያለፉት 5 ዓመታት የዚያው ሳምንት ቍጥር ጎን ለጎን ይጻፋል፤ ከአምስቱ በትልቅነቱ ሁለተኛ የሆነው እንደ ወሰን ይያዛል። የዘንድሮው ያን ካለፈ ወረርሽኝ መነሣቱ ይታወቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ነፍስ ያድናል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባልነበረበት ዘመን፣ በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን በደጃችን የሆነው ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጥቂት ቀደም ብሎ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ትኩሳቱ የማይለቀው፣ ሰውነቱ የሚከሳ፣ ጣፊያው የሚያብጥ ሰው በዛ። ወባ ነው ተብሎ ታሰበ፤ የወባ መድኃኒት ግን አላሻረውም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለውም ድርጅት በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ከፈተ። እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከ2 ሺህ በላይ ሕሙማን ታከሙ።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ደቃቅ ፍጥረት ናት፤ ካልታከሙት ይገድላል። በሽታው ቀድሞ በሑመራና በመተማ ቆላ የታወቀ ስለ ነበረ፣ ለሥራ ወደዚያ ወርደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ገምተዋል። በሽተኛውንና ጤነኛውን እየጠየቁ ቢያነጻጽሩም፣ ከግራር ሥር የሚተኛና ውሻ ያለው ሰው ይበልጥ ተይዞ አገኙት።

እንግዲህ ልብ እንበል። ስሙ ያልታወቀ በሽታ በየጎጆው ተበታትኖ ሲኖር የእያንዳንዱ ቤት የግል ሐዘን ነው፤ ተቈጥሮ በአንድ መዝገብ ሲሰፍር ግን ስም ያገኛል፤ መድኃኒትም ይፈለግለታል። «ተመራማሪ ጽፎ ይሄዳል እንጂ ለእኛ ምን ይተርፈናል?» የሚሉ አሉ። ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም፤ የጠየቀ ሰው ያገኘውን ለተጠየቀው መንደር ተመልሶ መንገር ዕዳው ነው። በእኛም በኩል ዕዳ አለብን፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና። ከመተማ ተመልሶ ትኩሳት የያዘው ወንድማችን የት እንደ ቆየ ለሐኪሙ ይንገር። ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ የሚወርድ በሽተኛም ይታጠብ፤ ይህ ጤና ጣቢያ ከመሄድ አይከለክለውም።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በየክፍላችን የቀሪ ተማሪዎች መዝገብ አለ። በሕመም የቀረው ለብቻው ተቈጥሮ ቍጥሩ በየሳምንቱ ዓርብ ለጤና ጣቢያው ቢነገር፣ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ትምህርት ቤታችን ለሜዳው ሁሉ ዘብ ይሆናል። እኛ በዚህ ዓመት እንሰናበታለን፤ ታናናሾቻችን ግን መዝገቡን እንዲይዙልን አደራ እንላለን።

እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን።