በቆሽት ካንሰር ስለሚታየው የጂን ለውጥና የክሮሞሶም መናጋት



ለዛሬው ጉባኤ የመረጥኩት ጉዳይ የሐኪም እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ስለ ዘር ውርስ በክፍል የምንሰጠው ትምህርት፥ ከቤተ ሰቡ አንዱን በካንሰር ላጣ ተማሪ ተራ ትምህርት አይሆንም። «አባቴን የገደለው በሽታ በእኔም ውስጥ አለን?» ብሎ ይጠይቀናል። መልሳችን እውነተኛ ይሆን ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባናል። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኝ፥ ምግብ እንዲፈጭ የሚረዳ ፈሳሽና የደምን ስኳር የሚቈጣጠር ኢንሱሊን የሚያመነጭ የሰውነት ክፍል ነው። ከጥልቅ ስፍራ ስላለ፥ በውስጡ የበቀለው እጢ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተሠራጨ በኋላ ነው።

የሰው ሴል 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት ትዮና ሌቫን የተባሉ ሊቃውንት በ1956 አስታወቁ። ሴል ለሁለት ሊከፈል በተነሣ ቍጥር በእነዚህ ላይ ያለው ጽሕፈት ሁሉ ይገለበጣል። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ አልፎ አልፎ ፊደል እንደሚስት፥ ሴልም ይስታል፤ አራሚም አለው። በቆሽት ካንሰር ግን ከ100 ሕሙማን በ90ዎቹ ገደማ ኬራስ የተባለው ጂን ተለውጦ ይገኛል። ይህ ጂን ሴል እንዲበዛ የሚያዝዝ ሲሆን፥ በተለወጠ ጊዜ ትእዛዙን ማቋረጥ ይሳነዋል። በብዙዎቹም ዘንድ ቲፒ53 የተባለው ጠባቂ ጂን ይበላሻል። የእርሱ ሥራ ጽሕፈቱ የተጐዳበትን ሴል እስኪታረም ማገድ፥ የማይታረም ቢሆን ማጥፋት ነበር።

ጠባቂው ሲጠፋ ከፊደል ስሕተት የከፋ ጥፋት ይከተላል። ክሮሞሶሞቹ ራሳቸው ይሰበራሉ፤ አንዱ ይጐድላል፥ ሌላው ይደገማል፤ ቅጠሉ እንደ ጠፋና ጥራዙ ያለ ቦታው እንደ ተሰፋ መጽሐፍ ይሆናሉ። የጀርመኑ ሊቅ ቴዎዶር ቦቬሪ የካንሰር ምንጭ የክሮሞሶም መዛባት ሊሆን እንደሚችል በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ አስቀድሞ አመልክቶ ነበር።

ይህ ጥፋት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? በ2010 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የሰባት ሕሙማንን እጢ መርምረው፥ ከመጀመሪያው ለውጥ አንሥቶ የካንሰሩ እናት ሴል እስክትወለድ ቢያንስ 10 ዓመት፥ ከዚያም የመሠራጨት ኃይል እስክታገኝ 5 ዓመት ያህል እንደሚያልፍ ገመቱ። በ2016 ደግሞ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የተመሩ ሊቃውንት ከ100 የሚበልጡ እጢዎችን መርምረው፥ ከሦስቱ በሁለቱ ገደማ ክሮሞሶም በአንድ ጊዜ ተሰባብሮ በዘፈቀደ የተጋጠመበትን ምልክት አገኙ። እንግዲህ በሽታው በአንዱ ሰው በዝግታ፥ በሌላው በድንገት ሊገሠግሥ ይችላል። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣውን በሽተኛ ሁሉ በቸልተኝነት መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። ከእነዚህ ለውጦች የሚበዙት ከወላጅ የተወረሱ ሳይሆኑ በሰውዬው ዕድሜ በራሱ ሴሎች ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው፤ ትምባሆ ማጤስም አደጋውን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። የዘር ምክንያት ያለበት ከ10 ሕሙማን በአንዱ ያህል ነው፤ ለምሳሌ የተሰበረውን የሚጠግነው ብራካ2 የተባለው ጂን ተበላሽቶ ሲወረስ። ይህንም ማወቅ ከንቱ አይደለም፤ በ2019 በወጣ ጥናት ኦላፓሪብ የተባለው መድኀኒት፥ ይህን የመጠገን ድካም በራሱ በካንሰሩ ላይ አዙሮ፥ የእንደዚህ ያሉ ሕሙማን በሽታ እንዳይገሠግሥ ለጊዜው አዘግይቷል።

ስለዚህ ለልጁ፥ «አብዛኛውን ጊዜ አይወረስም፤ ከቤተ ሰባችሁ ሁለት ሦስት ሰው ታሞ እንደ ሆነ ግን ለሐኪም ንገሩ፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ አይደለም፥ እርግማንም አይደለም» ልንለው ይገባል። ይህን በግልጥ ቃል የሰማ ልጅ ከፍርሃት ይድናል፤ የታመመውንም ዘመዱን ከጎረቤት አይደብቅም።

ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።