ዕዳን በጥቂት በጥቂቱ ስለ መክፈል

(ከመግሪብ ሶላት በኋላ በሐይቅ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ኮሚቴው ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ መስጊዱ ታሪክ እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ታሪኩን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁት አባቶች እዚሁ ፊቴ ተቀምጠዋል፤ ለእነርሱ ትቼዋለሁ። እኔ የመረጥሁት የብዙዎቻችንን እንቅልፍ የሚነሳውን፣ ነገር ግን በአደባባይ የማንናገረውን ጉዳይ ነው።

ጀናዛ ሲቀርብ፣ ከመስገዳችን በፊት ወደ እናንተ ዞሬ በሟቹ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ካለ ለቤተሰቡ እንዲያሳውቅ፣ ይቅር የሚልም ካለ ይቅር እንዲል ስናገር ትሰማላችሁ። በዚያች ሰዓት አንገታቸውን የሚደፉ ሰዎችን ከፊት ሆኜ አያለሁ። የሟቹ ዕዳ የራሳቸውን አስታውሷቸው ነው። እኔም ያንን ቃል ስናገር ድምፄ የሚሰልልበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ እነግራችኋለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችንን ባዳረሳት ጊዜ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። በታኅሣሥ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ላሚቱ የለችም፤ እህሉ የለም፤ የመኝታ ልብስ እንኳ አልተረፈም። በዚያው ሰሞን እናቴ ታመሙና ደሴ ወስጄ አሳከምኋቸው። ከዚህም ከዚያም ተበደርሁ። የሰጡኝ ሁሉ በቸርነት ነው የሰጡኝ፤ አንዳቸውም ወለድ አልጠየቁኝም። ነገር ግን ዕዳ በቸርነት ቢመጣም ዕዳ ነው።

ጥፋቴ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በዱቤ የምወስድበት ባለ ሱቅ ከመስጊዳችን የማይጠፋ ሰው ነበር። እርሱን ላለማግኘት በገበያው ጀርባ፣ በጭቃው መንገድ እየዞርሁ ወደ መስጊድ መምጣት ጀመርሁ። አንድ ቀን ዐስር ላይ ሶፉን እንድታስተካክሉ ልናገር ዞር ብል፣ ልክ ከጀርባዬ ቆሟል። ዓይኑን መለሰ እንጂ ምንም አላለኝም። ያቺን ሶላት እንዴት እንዳሰገድሁ አላህ ያውቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዕዳ በአላህ ሲጠበቁ፣ ስለ ምን ይህን ያህል እንደሚያበዙት ተጠይቀው፣ ባለ ዕዳ ሰው ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባም እንደሚያፈርስ መመለሳቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ሐዲሱን በመድረሳ በልጅነቴ ቀርቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን በጭቃው መንገድ ስሄድ ነው።

ያን ማታ ለልጆቼ እናት ነገርኋት። መብራት ገና አልተመለሰም ነበርና ኩራዙን አቀረበች፤ የልጃችንን አሮጌ ደብተር ዘረጋችና «በቃልህ አትቁጠረው፤ ጻፈው» አለችኝ። በቃሌ ስቆጥረው ሃያ ሺህ ብር ገደማ ይመስለኝ ነበር። ሲጻፍ ግን ለጎረቤታችን ባል ለሞተባቸው እናት 2,400፣ ለባለ ሱቁ 6,300፣ ውጫሌ ለሚነግድ ጓደኛዬ 12,000፣ ለባለቤቴ ወንድም 15,000፣ በጠቅላላው 35,700 ብር ሆነ። የሰው ልብ የሚወሰደውን ያሳንሳል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ፣ በ282ኛው አንቀጽ፣ በቁርአን ውስጥ ረጅሙ በሆነው፣ ዕዳን ጻፉ ብሎ አዝዟል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር በዚያው አንቀጽ የሚያስጽፈው ተበዳሪው መሆኑን ነው። ደብተሩን መያዝ የአበዳሪው ሥራ ብቻ የሚመስለን ተሳስተናል።

ቀጥሎ ገቢያችንን ጻፍን። ከኮሚቴው የማገኘው 2,500፣ ልጆች ማታ ከማቀራው 900፣ ባለቤቴ ዳቦ ጋግራ ከምትሸጠው 800፤ በጠቅላላው 4,200 ብር። ስድስት ነፍስ ይበላበታል። ከዚህ ላይ ምን ይቀነሳል? ከጤፉ ላይ ማሽላ ጨመርን። ስኳር ለልጆቹ ሻይ ብቻ ሆነ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚፈላው ቡና አንድ ጊዜ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ስለ ዕዳው ከተከራከርነው ይልቅ ስለ ቡናው የተከራከርነው ይበዛል። ወሎዬ ናችሁና ይገባችኋል። እንዲህ እንዲህ ብለን በወር 600 ብር አገኘን። ሌላ ነገር አልነበረንም።

600 ብር ለ35,700 ብር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን የእናታችን የበሪራን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታወስሁ። በሪራ ነፃ ለመውጣት ከባለቤቶቿ ጋር የተዋዋለችው በዘጠኝ ኡቂያ ሲሆን፣ አከፋፈሉም በየዓመቱ አንድ ኡቂያ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። እርግጥ ዓኢሻ (ረ.ዐ) አጠቃላ ልትከፍልላት ፈቀደች፤ በሪራ ግን ውሉን ስትዋዋል ይህን አታውቅም ነበር። በጥቂት በጥቂቱ የመክፈል ነገር በዲናችን እንግዳ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ማንን ላስቀድም የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ሰው ብዙ የጮኸበትን ያስቀድማል፤ አንዳንዱም የሚያፍረውን። እኛ የተቸገረውን አስቀደምን። ጎረቤታችን 2,400 ብራቸውን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ ግን ከእኔ የባሰ ችግር ላይ ነበሩ። ከየካቲት እስከ ግንቦት 2014 በአራት ወር ከፍዬ ጨረስሁ። የመጨረሻውን ስሰጣቸው «ረስቼው ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ። እንዳልረሱት ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ባለ ሱቁ ነበር። ሄጄ ሱቁ ውስጥ ተቀመጥሁና ደብተሬን ከደብተሩ ጋር አመሳከርን። የእርሱ 6,300፣ የእኔም 6,300 ሆኖ ተገኘ። ከዛሬ ጀምሮ በዱቤ እንደማልወስድ፣ በየወሩ 600 እንደማመጣ ነገርሁት። አሮጌው ቀዳዳ ሳይደፈን ውኃ መጨመር ስለማይረባ፣ ዱቤውን ማቆም ከክፍያው ይበልጥ ነበር። ደመወዜን ስቀበል ወደ ቤቴ ሳልገባ በመጀመሪያ ወደ እርሱ እሄድ ነበር፤ ቤት የገባ ብር ሺህ ጉዳይ ያገኛልና። በጥር 2015 ልጄ ታመመችና መክፈል አልቻልሁም። ቀኑ ሳይደርስ ሄጄ ነገርሁት። «ሸሁ፣ መጥተው ከነገሩኝ ከፈሉኝ ማለት ነው» አለኝ። በግንቦት 2015 የመጨረሻውን 300 ብር ሰጠሁት። ዛሬ በትልቁ መንገድ ነው የምመጣው።

ሦስተኛው የውጫሌው ጓደኛዬ ነው። በዚያ ጊዜ ዱቤው ስለቀረና አስፈላጊውን በገበያ ቀን በእጅ በእጅ ስለምንገዛ፣ 600ው ወደ 800 ከፍ ብሎ ነበር። እርሱም ይህን ሲሰማ ከ12,000 ላይ 3,000 ይቅር አለኝ። ከዕብ ኢብን ማሊክና ኢብን አቢ ሐድረድ (ረ.ዐ) በመስጊድ ውስጥ ስለ ዕዳ ሲጨቃጨቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድምፃቸውን ሰምተው መጋረጃውን ገለጥ በማድረግ፣ ከዕብን ግማሹን እንዲተው በእጃቸው አመለከቱት፤ እርሱም ወዲያው ተቀበለ። ከዚያ ተበዳሪውን ተነሥተህ ክፈል አሉት። ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይቅርታው ሲመጣ ተነሥቶ መክፈልም አብሮ እንደሚመጣ ይዘነጋል። 9,000ውን በግንቦት 2016 ጨረስሁ።

የቀረው የባለቤቴ ወንድም 15,000 ብር ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱና የሳሙናው ዋጋ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ክፍያውን ወደ 500 ዝቅ አድርጌ፣ ከሰኔ 2016 እስከ ግንቦት 2017 በአሥራ ሁለት ወር 6,000 ከፍያለሁ። ዛሬ እዚህ ስቆም 9,000 ብር ዕዳ አለብኝ።

እዚህ ላይ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። በ2014 የተበደርሁት 15,000 ብር የሚገዛውን ያህል ዛሬ አይገዛም፤ ታዲያ አበዳሪው አልተጎዳም ወይ? አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት የሚሉት የተበደሩት ያው መጠን እንዲመለስ ነው፤ ጭማሪ በውል ከገባ ሪባ ይሆናል። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተበደሩትን ግመል በተሻለ ግመል መልሰው፣ ከሰው መልካሙ አከፋፈሉ ያማረው መሆኑን ተናግረዋል። ስለዚህ ሳይጠየቅ፣ ሳይዋዋሉ፣ በመጨረሻ ተበዳሪው በፈቃዱ ቢጨምር መልካም ነው። እኔ ለወንድማችን አንድ በግ አስቤያለሁ። እርሱ አያውቅም፤ ይህ መጽሔት እጁ ከገባ ግን ማወቁ አይቀርም።

የእኔ ዕዳ ቀላሉ ዓይነት ነበር፤ ወለድ የለበትም። ከመካከላችን በአራጣ የተያዘ አለ። በወር አሥር በመቶ 10,000 ብር የወሰደ ሰው በየወሩ 1,000 እየከፈለ በዓመቱ 12,000 ሰጥቶ፣ 10,000ው እንዳለ ይቆየዋል። አራጣ በአገሩ ሕግም ወንጀል ነው። እንዲህ ያለው ሰው እንደ እኔ ተራ አይጠብቅ፤ ላምም ቢሆን ሽጦ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ከዚያ ይውጣ። መሬቱን በወለድ አገድ የሰጠ ገበሬም አለ፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስ እያረሰ ይበላል። አበዳሪ በብድሩ ምክንያት የሚያገኘው ጥቅም የሪባ በር መሆኑን ሊቃውንት አስጠንቅቀዋል፤ ሰጪዎቹም ተቀባዮቹም በዚህ መስጊድ ይሰግዳሉና በግልጽ ተናገርሁ። ልጆቹን ወደ ዐረብ አገር ለመላክ ለደላላ የተበደረም ብዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ልጆቹ መጡ፤ ዕዳው ግን እዚሁ ሲጠብቃቸው ነበር። ከዚያ በኋላም ትምህርት አልሆነንም።

ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2013 ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎችም ባንኮች መስኮት ከፍተዋል። ጥሩ ነው። ለሁለት ኪሎ ስኳር ግን ባንክ የሚሄድ የለም፤ የእኛ ዕዳ የሱቅና የጎረቤት ዕዳ ነው። እቁብም ይረዳል፤ ተራው ቀድሞ የደረሰው ሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ ዕዳ መሆኑን ይወቅ።

ስለ ጫት ልናገር። ሐላል ነው ሐራም ነው የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍትም፤ ከፍቼው የመግሪብና የዒሻ መካከል አይበቃንም። ዋጋውን ብቻ እንደምር። በሳምንት ሦስት ቀን የመቶ ብር ጫት የሚገዛ ሰው በአራት ሳምንት 1,200 ብር ያወጣል። ይህም እኔ ለጎረቤቴና ለባለ ሱቁ በየወሩ ከከፈልሁት እጥፍ ነው። እንግዲህ የለኝም የሚለው ማን ነው?

ለሟች ሰደቃ ብለው የሚበደሩም አሉ። ሟቹ ራሱ ዕዳ ካለበት፣ ከውርሱም ከድግሱም በፊት የሚከፈለው ዕዳው ነው። ሦስት ዲናር ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ በቀረበ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሳይሰግዱበት ቀርተው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሱ ላይ ሲያደርግ ነው የሰገዱበት። በሬ ታርዶ ዕዳው ያልተከፈለለትን ሰው እኔ ራሴ ቀብሬያለሁ።

ለአበዳሪዎች የምለው አጭር ነው። በ280ኛው የበቀራ አንቀጽ የተቸገረውን እስኪያገኝ መጠበቅ ትእዛዝ ነው፤ መተው ደግሞ የበለጠ ነው። ይህ ግን እያለው ለሚያመላልስ ሰው አይደለም። ያለው ሰው ማቆየቱ በሐዲስ ግፍ ተብሏል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ስሙን ጠርታችሁ ብትጠይቁት እኔ አልቆጣም።

ለኮሚቴውም አንድ ነገር አለኝ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለ ዕዳዎች አሉ። በየዓመቱ ዘካ ስናከፋፍል ድሃውንና ምስኪኑን እናስባለን፤ ባለ ዕዳውን ግን እንዘለዋለን፤ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ። ከመጪው ረመዷን በፊት ስሙ ሳይገለጥ የሚመዘገብበት መንገድ ቢበጅ እኔ ጸሐፊ እሆናለሁ።

በአማርኛችን ቀላል ነገር ሲያጋጥም ዕዳው ገብስ ነው እንላለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ሲለዩ ጥሩራቸው በሠላሳ ሷዕ ገብስ ተይዞ ነበር። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ያቺን አባባል ስሰማ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ በመድረሳው ክፍል እቀመጣለሁ። ዕዳውን መጻፍ የፈለገ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ፤ ከአበዳሪው ጋር መነጋገር ያቃተውም ይምጣና አብረን እንሄዳለን። ባለቤቱንም ይዞ ቢመጣ ይሻላል፤ ቁጥሩን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።