የሥጋ ጣዕም ከመኖ ይጀምራል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከመተማና ከቋራ ቆላ የመጣን ተማሪዎች ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ከብት መኖ ለመናገር ነው። ነገሩ የእረኛ ወሬ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የወላጆቻችንን ኑሮ የሚነካ ነውና ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ እንድትሰሙን እንለምናለን።

በፈረንሳይ አገር ቀንድ አውጣ እያረቡ ይበላሉ። በእኛ ባህል አይበላምና የሚስቅብን አይጠፋም። ሆኖም ከአርቢዎቹ የምንማረው ነገር አለ። ቀንድ አውጣው የበላው ቅጠል በሆዱ ሳለ ቢቀቀል ጣዕሙ እንደሚበላሽ ስለሚያውቁ፣ አስቀድመው ጥቂት ቀን ምግብ ይከለክሉታል። ይኸውም የሥጋው ነገር ገና እንስሳው በሕይወት ሳለ፣ በሚበላው እንደሚወሰን ያሳያል።

እኛስ? ቆላችን የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በክረምት ሣሩ እንደ ልብ ይበቅላል። በጋ ሲገባ ግን ይደርቃል፤ ፕሮቲኑም ከመቶ 7 እጅ በታች ይወርዳል። ከዚህ ልክ ሲያንስ በከብቱ ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቃን ሕዋሳት ይደክማሉ፤ ከብቱም ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይራባል። ከዚያ የተረፈውን ሰደድ እሳት ይበላዋል።

ለዚህ ችግር መድኃኒት የሚሆነው ሰሊጥ ግን በጆንያ ተጭኖ ከአገር ይወጣል። ሰሊጥ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ ከመቶ 30 እጅ በላይ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ሰሊጡን በፍሬው ስንሸጥ የከብቱንም ቀለብ አብረን መሸጣችን ነው። ከብቶቻችንም ለብዙ ዘመን በቁማቸው ወደ ሱዳን ሲነዱ ኖረዋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው እንዲህ ላለው አይደለምን?

መኖ ሥጋን እንዴት ይለውጠዋል ብትሉን ሦስት ነገር እንጠቅሳለን። አንደኛ፣ ከመታረዱ በፊት ባሉት ወራት በደንብ ተቀልቦ ቶሎ የወፈረ ከብት፣ ጡንቻውን የሚያያይዘው ጅማት አዲስና በእሳት የሚሟሟ ስለሚሆን ሥጋው ይለሰልሳል። ሁለተኛ፣ እርጥብ ሣር የበላው ስቡ ወደ ቢጫ ያደላል፤ በእህል የተቀለበው ስቡ ይነጣል። ሦስተኛ፣ የጠገበና ያረፈ ከብት በጡንቻው ስኳር ያጠራቅማል። ከታረደም በኋላ ይህ ስኳር ወደ አሲድነት ተለውጦ ሥጋው ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርገዋል። ተርቦ ብዙ ቀን በእግሩ የተነዳ ግን ስኳሩን በመንገድ ይጨርሳል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ለወራት የተደከመበት በሬ በጥቂት ቀን መንገድ ዋጋውን ያጣል ማለት ነው።

ፋጉሎም ቢሆን ልክ አለው። ከመጠን ካለፈ በውስጡ የቀረው ዘይት እነዚያኑ ሕዋሳት ይጎዳል። በክረምት እርጥበት ከሻገተም መርዝ ሊኖረው ይችላልና በደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ወላጆቻችን ሣሩን ሳይደርቅ ማጨድ እንደሚሻል አጥተውት አይደለም። ሣሩ ለድርቆሽ በሚደርስበት በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጡም ይደርሳል። ሰሊጥ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ፍሬው ይረግፋል፤ ሣር ግን ቢዘገይ የሚጮህ የለም። ገበሬው አንድ ማጭድና ሁለት አዝመራ ይዞ ሰሊጡን ቢያስቀድም ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ምክር ብቻውን አይበቃም። ድርቆሹን በጋራ የሚያጭዱበት ማኅበር፣ በቅርብ የሚገኝ የዘይት መጭመቂያ፣ ከብቱም ከመሸጡ በፊት ውሃና መኖ አግኝቶ የሚያርፍበት በረት ያስፈልጋል።

መምህሮቻችን ሆይ፤ የቆላውን መኖ በቤተ ሙከራችሁ መርምራችሁ ልኩን ንገሩን። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ የተማርነውን በገበሬው ቋንቋ እናስረዳ፤ እርሱም የሚነግረንን እናዳምጥ። እኛን ለትምህርት ያበቃን የሰሊጡና የከብቱ ገንዘብ ነውና፣ ብድሩን መመለስ ይገባናል።