የሌሊቱ ተረኛ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በደብረ ታቦር ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከጉና የሚወርደው የሌሊት ብርድ በበረታ ጊዜ እንኳ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሰዓቱን አያሳልፍም። ሕዝቡ በተኛበት አንድ ሰው ነቅቶ ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይደውላል። ከደወለ በኋላ ግን ቅዳሴውን የሚቀድሱት ካህናቱ ናቸው እንጂ እርሱ አይደለም። የደዋዩ ሥራ ሰዓትን መጠበቅና ሌሎች ሥራቸውን እንዲጀምሩ ማድረግ ነው።

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከዚህ ደዋይ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ይኸውም በኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ፥ ሰዎች አስቀድመው ጽፈው የተዉለትን ትእዛዝ በተባለው ሰዓት የሚያስጀምር ፕሮግራም ነው። ስሙም ክሮን ይባላል፤ ጊዜ ማለት ከሆነው ክሮኖስ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ይህ ጉዳይ የባለሙያዎች ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት እለምናችኋለሁ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ቅጂ የሚገለበጠው፥ የወር ሒሳብ የሚደመረውና ያረጀ ፋይል የሚጸዳው፥ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ብዙውን ጊዜ በዚህ ተረኛ አማካይነት ነውና።

ባለፈው ዓመት በደቡብ ጎንደር ደጋ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ለሥራ ሄጄ ነበር። በዚያም የባለጉዳዮች ማመልከቻና ውሳኔ የሚመዘገብበት አንድ ኮምፒዩተር አለ። የመዝገብ ቤቱ ኀላፊ፥ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ትጉህ ወይዘሮ፥ መዝገቡ በየምሽቱ ወደ ሁለተኛ ዲስክ እንዲገለበጥ ፈልገው፥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 ላይ እንዲሠራ በክሮን ሰንጠረዥ ላይ ትእዛዝ ጻፉ። ትእዛዙንም አስቀድመው በእጃቸው ሞክረውት ቅጂው በሚገባ ወጥቶላቸው ነበር። ይህ በጥቅምት ወር መግቢያ ላይ ነው። ከዚያም ሌላው ሥራ ስለ በዛባቸው፥ ማሽኑ የታዘዘውን እንደሚፈጽም አምነው ተዉት።

ሐምሌ በገባ ጊዜ፥ ዝናቡና መብረቁ በበረታበት ሰሞን፥ የመብራቱ ኀይል ሲወጣና ሲወርድ የኮምፒዩተሩ ዋና ዲስክ ተቃጠለ። ወይዘሮዋም «ቅጂ አለን» ብለው ሁለተኛውን ዲስክ ቢያስከፍቱ፥ በውስጡ የተገኘው በጥቅምት ወር በእጃቸው የሞከሩት አንድ ቅጂ ብቻ ሆነ። የዘጠኝ ወር መዝገብ ጠፋ። ሁለት ጸሐፊዎች ክረምቱን ሙሉ ከወረቀቱ እየገለበጡ እንደ ገና ጻፉት። በዚያ መካከል ከጉና ሥር ተነሥቶ በእግሩ የመጣ አንድ ባላገር፥ «ሦስት ጊዜ ነገ ና ተባልሁ፤ አዝመራዬን ትቼ ነው የምመጣው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የአንድ ሰንጠረዥ ስሕተት የሚያርፈው በመጨረሻ በእንዲህ ያለው ሰው ትከሻ ላይ ነው።

የተጠራው ወጣት ባለሙያ ሰንጠረዡን ካየ በኋላ፥ «እትዬ፥ እዚህ የጻፉት ሰዓት የፈረንጅ ነው ወይስ የእኛ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም፥ «የእኛ ነው እንጂ፤ እኔ በማን ሰዓት ልቁጠር?» አሉት። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠ።

ክቡራን አድማጮች፤ በክሮን ሰንጠረዥ ላይ አንድ ትእዛዝ በአንድ መስመር ይጻፋል። ከትእዛዙ በፊት አምስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ደቂቃ ነው፥ ከ0 እስከ 59፤ ሁለተኛው ሰዓት ነው፥ ከ0 እስከ 23፤ ሦስተኛው የወሩ ቀን፥ ከ1 እስከ 31፤ አራተኛው ወር፥ ከ1 እስከ 12፤ አምስተኛውም የሳምንቱ ቀን ሲሆን ከ0 እስከ 7 ይቆጠራል፤ 0 እና 7 ሁለቱም እሑድ ናቸው። በቦታው የኮከብ ምልክት ከተቀመጠ «ሁሉም» ማለት ነው። ወይዘሮዋ የጻፉት «30 2 * * *» የሚል ነበር። እኛ ቀንን ከንጋት፥ ሌሊትን ከምሽት ጀምረን እንቆጥራለን፤ ክሮን ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር፥ 2 ሰዓት ከ30 ያለው ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ30 ነው። በዚያ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ዘበኛው በየምሽቱ በ4 ሰዓት መብራቱን ያጠፋል። ስለዚህ የትእዛዙ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ማሽኑ ተዘግቶ ነበር። መጻፍ የነበረበት «30 20 * * *» የሚል ነው።

ምናልባት፥ «በማግሥቱ ማሽኑ ሲከፈት ያመለጠውን ሥራ ለምን አይሠራም?» የሚል ይኖራል። ክሮን ያለፈውን አይቈጥርም። በየደቂቃው ይነቃል፤ ሰንጠረዡ ተለውጦ እንደ ሆነ ይመለከታል፤ የአሁኑን ደቂቃ ከእያንዳንዱ መስመር ጋር ያስተያያል፤ የገጠመውን ያስጀምራል፤ ተመልሶም ይተኛል። ተዘግቶ ሳለ ያለፈው ደቂቃ ለእርሱ እንዳልነበረ ነው። ለእንዲህ ያለው ችግር አናክሮን የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። እርሱ ሰዓትን ሳይሆን ቀንን ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ሥራ በመጨረሻ የተሠራበትን ቀን መዝግቦ ይይዛል፤ ማሽኑ ሲከፈትም ጊዜው ያለፈበትን ሥራ ጥቂት ቆይቶ ያስጀምራል። መብራት በሚቋረጥበት አገር ይህ ፕሮግራም ትልቅ ረዳት ነው።

ባለሙያው ሰዓቱን አስተካክሎ ሄደ። በማግሥቱ ግን ቅጂው አሁንም አልነበረም። በዚህ ጊዜ ያለው ልዩነት፥ ማሽኑ ምክንያቱን በደብዳቤ መናገሩ ነው። ይህን ለመረዳት ክሮን ትእዛዝን እንዴት እንደሚያስጀምር ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ሲደርስ ክሮን ራሱን አይጠምድም። የራሱን አምሳያ የሆነ ልጅ ሂደት ይወልዳል። ያም ልጅ የክሮንን ሥልጣን ጥሎ የባለትእዛዙን ማንነት ይይዛል፤ ወደ ባለቤቱ ማኅደር ይገባል፤ ከዚያም መስመሩን ሼል ለሚባለው ትእዛዝ አንባቢ ይሰጠዋል። እንግዲህ ባለትእዛዙ በእጁ ሊከፍተው የማይፈቀድለትን መዝገብ በክሮን በኩልም ሊከፍተው አይችልም። ሰንጠረዥ ሊኖረው የሚገባውና የማይገባውም ሰው፥ አስተዳዳሪው በሚያዘጋጃቸው የፈቃድና የክልከላ ዝርዝሮች ሊወሰን ይችላል።

ነገር ግን ሰው በማሽኑ ፊት ሲቀመጥ የሚዘጋጅለት ዕቃ ሁሉ ለዚህ ልጅ አይዘጋጅለትም። ሼሉ አንድን ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ማኅደሮች ዝርዝር ለእርሱ እጅግ አጭር ነው። የወይዘሮዋ የመገልበጫ ፕሮግራም ከነዚህ ማኅደሮች ውጭ ተቀምጦ ስለ ነበር፥ በእጃቸው ሲሞክሩት ተገኘ፤ ክሮን ሲያስጀምረው ግን ጠፋ። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ የፕሮግራሙን አድራሻ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሙሉ አድርጎ መጻፍ ነው። ለመልእክተኛ «እዚያ ሰፈር ሂድ» ከማለት ቤቱን ነግሮ መላክ እንደሚሻል ማለት ነው።

ትእዛዙ የተናገረው ቃል፥ መልካምም ሆነ ክፉ፥ ሌላ ቦታ እንዲጻፍ ካልተደረገ በቀር፥ በማሽኑ ውስጥ ባለው የፖስታ ሣጥን ለባለትእዛዙ በደብዳቤ ይላካል። ወይዘሮዋ በባለሙያው ምክር ሣጥናቸውን ቢከፍቱ፥ «ትእዛዙ አልተገኘም» የሚል አጭር ደብዳቤ አገኙ። ወዲያው ታረመ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ስሕተት ዘጠኝ ወር የኖረው፥ ሥራው ፈጽሞ ስላልተጀመረ ደብዳቤም ስላልነበረ ነው። ሁለተኛው ግን በአንድ ሌሊት ተገለጠ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን ሁልጊዜ ወርቅ አይደለም።

ክሮን አንዱን ሥራ ካስጀመረ በኋላ እስኪያልቅ አይጠብቅም። በየአምስት ደቂቃው የታዘዘ ሥራ ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ ቢሆን፥ የፊተኛው ሳያልቅ ሁለተኛው ይጀመራል፤ ሦስተኛውም ይደረባል፤ በመጨረሻ ማሽኑ ይጨናነቃል፤ ወይም ሁለት ሥራዎች አንዱን መዝገብ በአንድ ጊዜ ሲጽፉበት ይበላሻል። ስለዚህ ትእዛዙ ራሱ ሲጀምር ቁልፍ እንዲይዝ፥ ቁልፉ ተይዞ ካገኘውም እንዲመለስ ማድረግ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሠራ ትእዛዝ ደግሞ አት የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ፤ የቅርብ ዘመዱ ባች ሰዓት አይጠይቅም፤ የማሽኑ ሸክም እስኪቀል ጠብቆ ሥራውን ያስጀምራል። 

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዐት በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው በሰባተኛው እትም ውስጥ የነበረው ክሮን አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ነበረው፤ ሁሉም ትእዛዝ በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን ይፈጸም ነበር። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ብራውን የተባለ ተማሪ ለብዙ ተጠቃሚዎች የሚሆን ክሮን በመሥራት መንገዱን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፖል ቪክሲ የጻፈው ክሮን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን ሰንጠረዥ የሚሰጥ ሲሆን፥ ዛሬ በብዙ ሊኑክስ ማሽኖች ላይ የሚሠራው ከእርሱ የተወለደ ነው።

በእኛ አገር ከሰዓቱ ሌላ የዘመን አቈጣጠሩም ነገር አለ። ክሮን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ወራት ብቻ ነው፤ ጳጉሜን የሚጻፍበት ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ይሁን እንጂ ከመጋቢት 1 ቀን እስከ ነሐሴ 30 ቀን ያሉት ቀኖች በእኛ ዘመን ከፈረንጆቹ ጋር ያላቸው ግንኙነት አይናወጥም። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 ሁልጊዜ ጁላይ 7 ነው፤ የደብረ ታቦር በዓል የሚውልበት ነሐሴ 13ም ሁልጊዜ ኦገስት 19 ነው። ስለዚህ የዓመቱን መዝጊያ ሒሳብ ያለ ስጋት በክሮን ማዘዝ ይቻላል። መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 11 ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ 12 ይሆናል፤ ጥምቀትም በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሸጋገራል። በየወሩ በ30ኛው ቀን ለሚሠራ ሥራ የሚሻለው፥ ትእዛዙን በየቀኑ ማስጀመርና፥ እርሱ ራሱ አስቀድሞ የኢትዮጵያን ቀን አስልቶ፥ 30 ካልሆነ ምንም ሳይሠራ እንዲመለስ ማድረግ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የወሩ ቀንና የሳምንቱ ቀን ሁለቱም በቁጥር ከተጻፉ፥ ክሮን ሁለቱ እስኪገናኙ አይጠብቅም፤ አንዱ ከገጠመ ያስጀምራል። «13ኛው ቀን ዓርብ ሲውል» ያለ ሰው፥ በየ13ኛው ቀንና በየዓርቡ ሥራው ተሠርቶ ያገኘዋል። እንዲሁም ማሽኑ በግሪንዊች ሰዓት እንደሚሄድና እንደማይሄድ መጠየቅ ይገባል፤ እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለንና። ደግነቱ፥ አውሮጳውያን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፉ፥ በዚያ ሰዓት የታዘዘ ሥራ የሚያገኘው ችግር እኛን አያገኘንም።

የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፤ ከዚያ ጽሕፈት ቤት ስመለስ ወይዘሮዋ በየማለዳው የሚያደርጉትን አይቼ መጥቻለሁ። ከምንም ነገር በፊት የፖስታ ሣጥናቸውን ይከፍታሉ፤ ቀጥለውም የሌሊቱን ቅጂ ቀንና መጠን አይተው በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ፤ በየሳምንቱም ከቅጂው አንድ ማመልከቻ መርጠው ከፍተው ያነባሉ። ሦስቱም በአንድ ላይ ከአንድ ሲኒ ቡና የበለጠ ጊዜ አይወስዱም። ለዚያ ከጉና ሥር ለሚመጣው ባላገር ግን «ነገ ና» እና «እነሆ ውሳኔህ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ደዋይ ደወሉን ደውሎ ሲያበቃ፥ ሕዝቡ ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ደጀ ሰላሙ ሲገባ በዐይኑ ያያል። ክሮን ግን ይደውላል እንጂ የመጣና የቀረውን አያይም። ያን ማየት የእኛ ድርሻ ነው።

በደኅና ሰንብቱ።