የወረሱት ጠመንጃና የብረቱ ፍሬ



በአሜሪካ ዳክዬና ዝይ የሚያድን ሰው በእጁ የሚይዘው ጠመንጃ አንዳንድ ጊዜ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የወረሰው ነው። ጠመንጃው የተሠራው የእርሳስ ፍሬ ለመበተን ነው፤ የአገሩ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በውኃ ወፎች ላይ እርሳስ መተኮስን ይከለክላል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ወራሹ ሰው ሦስት ምርጫዎች ብቻ ያሉት ይመስለዋል፤ ይኸውም ሕጉን መጣስ፣ ጠመንጃውን ከግድግዳ ላይ ሰቅሎ መተው፣ ወይም የመጣው ይምጣ ብሎ የብረት ፍሬ ያለበትን ጥይት አጉርሶ መተኮስ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ከእነዚህ ሌላ አራተኛ መንገድ መኖሩን፣ ያም መንገድ በግምት ሳይሆን በመለኪያ የሚገኝ መሆኑን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ እርሳሱ ስለ ምን እንደ ተከለከለ ማስታወስ ይገባል። አንድ ጥይት ሲተኮስ ከሚበተኑት በርካታ ፍሬዎች ወፉን የሚያገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ከረግረጉ ጭቃ ላይ ይወድቃሉ። ዳክዬ ደግሞ ጥርስ ስለሌላት የበላችውን እህል በሆዷ ውስጥ የምትፈጨው ጠጠር እየለቀመች በመዋጥ ነው። ከጠጠሩ ጋር የዋጠችው እርሳስ በሆዷ ውስጥ እየተፈጨና በአሲድ እየሟሟ ወደ ደሟ ይገባል፤ ክንፏ ይዝላል፣ ሰውነቷ ይከሳል፣ በመጨረሻም ትሞታለች። ተመራማሪው ፍራንክ ቤልሮዝ በ1959 ባወጣው ጥናት፣ ከሰሜን አሜሪካ የውኃ ወፎች በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት በዚህ መርዝ እንደሚያልቁ ገምቶ ነበር። መርዙ በዳክዬዋም አያበቃም፤ የታመመችውን ወይም የቆሰለችውን የሚበላው ራሰ ነጩ ንስርም ይመረዛል።

ክልከላው ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በአንዳንድ ሥፍራዎች በ1970ዎቹ ተጀምሮ፣ ከ1987 አንሥቶ ደረጃ በደረጃ ሰፍቶ፣ በ1991 መላ አገሪቱን አዳረሰ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ አዳኞች ሁለት ክስ አቀረቡ። አንደኛው፣ ብረት ቀላል በመሆኑ ወፉን አቁስሎ ይሰዳል የሚል ነበር፤ ሁለተኛው፣ ብረት ጠንካራ በመሆኑ ጠመንጃ ያበላሻል የሚል ነበር። ሁለቱም ክሶች ከእውነት የራቁ አልነበሩም። ዳሩ ግን የሁለቱም መልስ ወደ እርሳስ መመለስ አልነበረም።

ስለ ክብደቱ የሆነ እንደሆነ፣ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል ብረት 7.8 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ እኩል ስፋት ካላቸው ሁለት ፍሬዎች ብረቱ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል። መድኃኒቱም ፍሬውን ማተለቅና ርቀቱን ማሳጠር ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር 4 ቁጥር እርሳስ ይተኩስ የነበረ አዳኝ፣ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ 2 ቁጥር ብረት ይመርጣል፤ ይህም ከ3.3 ሚሊ ሜትር ወደ 3.8 ሚሊ ሜትር ማለፍ ነው። እንዲሁም ወፉ እስኪቀርብ ይታገሣል።

ስለ ጠመንጃው የሆነ እንደሆነ ግን ጉዳዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ በጠባብ አፈሙዝ ሲያልፍ ተጨፍልቆ ይወጣል። ብረት አይጨፈለቅም፤ ከሁለቱ አንዱ መለጠጥ ካለበት የሚለጠጠው የጠመንጃው ቱቦ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ባለ አሮጌ ጠመንጃ ሰው፣ ከመተኮሱ በፊት ጠመንጃውን ለባለሙያ አቅርቦ ሦስት ነገሮችን ማስለካት ይኖርበታል።

አንደኛው የጥይት ማጉረሻው ርዝመት ነው። በርካታ የድሮ ጠመንጃዎች፣ በተለይም የእንግሊዝ አገር ሥራዎች፣ ማጉረሻቸው 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬ የተለመደው ጥይት ግን 70 ወይም 76 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሙ ጥይት ሳይተኮስ በፊት በአጭሩ ማጉረሻ ሊገባ ይችላል፤ አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። በተተኮሰ ጊዜ የቀለሁ አፍ ተዘርግቶ መውጫውን ያጠብባል፤ ግፊቱም ከልክ በላይ ያሻቅባል።

ሁለተኛው የቱቦው ጥንካሬና ውፍረት ነው። ብረትና ዐረብ ብረት ተጠማዝዘው በመበየድ የተሠሩት፣ የደማስቆ ቱቦ የሚባሉት ጠመንጃዎች፣ ለብረት ፍሬ ፈጽሞ አይሆኑም። ቱቧቸው የሳሳ ጠመንጃዎችም እንዲሁ ናቸው። በቤልጅግ ለተሠሩት የቀድሞ አውቶ 5 ጠመንጃ ቱቦዎች፣ ብራውኒንግ ኩባንያ ራሱ የብረት ፍሬ እንዳይተኮስባቸው ያሳስባል።

ሦስተኛው ቾክ የሚባለው የአፈሙዝ ጥበት ነው። በባለ 12 ቁጥር ጠመንጃ ሙሉ ጥበት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ግማሽ ጥበት ደግሞ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፓ ደንብ ከ4 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ የብረት ፍሬ ከግማሽ በላይ በጠበበ አፈሙዝ አይተኮስም። በዚያው ደንብ፣ ግፊቱ እስከ 1050 ባር የሚደርሰው ኃይለኛው የብረት ጥይት የሚፈቀደው ለዚሁ ተፈትሸው የአበባ ምልክት ለተመታባቸው ጠመንጃዎች ብቻ ነው። አፈሙዙ ጠባብ ቢሆንም ቱቦው ደህና ከሆነ፣ ባለሙያ ሊያሰፋው ይችላል። ብረት ሳይጨፈለቅ ስለሚወጣ ብዙም አይበታተንም፤ ስለዚህ በሰፋው አፈሙዝ የሚጠፋው ከሚፈራው ያነሰ ነው።

ምርመራው ያልፈቀደለት ጠመንጃስ ምን ይሁን? ለእርሱም ቢዝመት የሚባለው ማዕድን አለ። ከቆርቆሮ ጋር የተቀላቀለው የቢዝመት ፍሬ ከብረት ይከብዳል፣ ከብረትም ይለሰልሳል፤ ወፎችንም አይመርዝም። በርግጥ ዋጋው ከብረት እጅግ ይበልጣል፤ የማጉረሻውንና የግፊቱን ልክ መጠበቅም አይቀርም። ቢሆንም በአንድ የአደን ወቅት ጥቂት ጥይት ለሚተኩስ ሰው፣ ከተሰነጠቀ ቱቦ ይልቅ ይረክሳል። የደማስቆው ግን በቢዝመትም ቢሆን ያለ ባለሙያ ፈቃድ አይሞከርም።

የክልከላው ፍሬም ታይቷል። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት፣ በሚሲሲፒ የፍልሰት መስመር በእርሳስ መመረዝ የሚሞቱት አረንጓዴ ራስ ዳክዬዎች በ64 በመቶ እንደ ቀነሱ፣ በ1997 ብቻም በሰሜን አሜሪካ 1.4 ሚሊዮን ያህል ዳክዬዎች ከሞት እንደ ተረፉ ገምቷል።

ነገሩ ለዚህ ማኅበር ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ በ1995 የተደረሰው የአፍሪካና የዩራሲያ ፈላሽ የውኃ ወፎች ስምምነት፣ በረግረግ መሬት ላይ እርሳስ መተኮስ እንዲቀር ይጠይቃል። በሰሜን ተፈልፍለው የአውሮፓን ብርድ በዝዋይ ሐይቅ የሚያሳልፉት ዳክዬዎች በየመንገዳቸው የሚለቅሙትን ጠጠር መርጠው አይውጡም።

እንግዲህ የባለሙያው ድርሻ ሁለት ነው። እርሳሱ ይቅር ብሎ በጽኑ መናገር አንደኛው ነው፤ ለጠመንጃው ባለቤትም የሥጋቱን እውነተኛነት ሳይሸሽጉ ማጉረሻውን፣ ቱቦውንና አፈሙዙን እንዲያስለካ መምከር ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የተናገረ ባለሙያ አዳኙን ወደ ድብቅ እርሳስ ይገፋዋል፤ ሁለቱንም የተናገረ ግን ወፏንም፣ የአባት ቅርሱንም፣ የተኳሹንም እጅና ዓይን ያድናል።