የአንደኛ ክፍል መምህርና የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ዘመኑ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ድልድል ይደረጋል። በዚያን ዕለት ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር ለዚህ ጉባኤ ተካፋዮች እንግዳ አይደለም። በትምህርት ደረጃው ከፍ ያለው መምህር ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ይመደባል፤ ለሥራው አዲስ የሆነው፣ የምስክር ወረቀቱ ዝቅ ያለው፣ አንዳንዴም ጡረታው የቀረበው ወደ አንደኛ ክፍል ይላካል። ድልድሉን የሚያዘጋጀው ርእሰ መምህር ለሕፃናት ክፉ አስቦ አይደለም። ከእርሱ አስቀድሞ የነበሩት ሁሉ እንደዚሁ አድርገዋል፤ ወላጆችም ቢሆኑ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ስለ መምህሩ ችሎታ ይጠይቃሉ እንጂ፣ ለአንደኛ ክፍል ልጃቸው መምህሩ ምን እንዳጠና የሚጠይቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከልማዱ በስተጀርባ ያለው እምነት ግልጽ ነው። ትንሽ ልጅ የሚያስተምር ሰው ትንሽ ዕውቀት ይበቃዋል የሚል ነው።

ይህ እምነት እውነት ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለዲግሪ ማጥናት ከንቱ ወጪ ይሆናል። ሐሰት ከሆነ ግን የደረሰው ጉዳት ብዙ ነው። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛው ክፍል የንባብ ችሎታ ምዘና እንዳሳየው፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ አንብቦ መወጣት አልቻለም ነበር። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ በመምህር ፊት የተቀመጡ ናቸው።

እንግዲህ ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት የአንደኛ ክፍል መምህር በእርግጥ የሚሠራውን ሥራ መመርመር ያሻል። ለምሳሌ ፊደልን እንውሰድ ቢባል፣ ገበታው ላይ ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት በሰባት ተደርድረው 231 ምልክቶች ይቆማሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። አዋቂ ሰው ይህን ሲያይ ሥራው የማስታወስ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ልጁ «ትምህርት» የሚለውን ቃል ሊያነብ ሲሞክር ምን እንደሚገጥመው ልብ ይሏል። ቃሉ በ«ት» ይጀምራል፣ በ«ት» ያልቃል። የመጀመሪያው «ት» አጭር አናባቢ አለው፤ የመጨረሻው የለውም። በመካከል ያሉት «ም»፣ «ህ» እና «ር»ም እንዲሁ አንዱ ከአናባቢ ጋር፣ ሌሎቹ ያለ አናባቢ ይነበባሉ። ሳድስ ሁለት ዓይነት ድምፅ በአንድ መልክ የሚሸከም ፊደል መሆኑን ገበታው አይናገርም። ልጁ በገበታው ላይ ያጠናውን ድምፅ አንድ በአንድ እየጠራ ቢሄድ፣ ከአፉ የሚወጣው ነገር እርሱ ከሚያውቀው ቃል ጋር አይመሳሰልም፤ ስለዚህም ግራ ተጋብቶ መምህሩን ያያል።

መጥበቅና መላላትም ሌላው ችግር ነው። «ይበላል» የሚለው ጽሕፈት የሚበላውን ሰውም፣ የሚበላውን ምግብም ያመለክታል፤ የሚለያቸው የድምፁ መጥበቅ ብቻ ሲሆን፣ ይህንንም ጽሕፈቱ አያሳይም። «ገና» በዓሉም ነው፣ ጊዜው አለመድረሱም ነው። «አለ» ተናገረም ነው፣ ይገኛልም ነው። ጎልማሳ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ተነሥቶ ሳያስበው ያልፈዋል። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ስሜቱን ለማግኘት አስቀድሞ ቃሉን ማንበብ፣ ቃሉን ለማንበብ ደግሞ ስሜቱን ማግኘት ያስፈልገዋል። ከዚህ አዙሪት ልጁን እጁን ይዞ የሚያወጣው መምህሩ ነው። መምህሩ ስለ ቋንቋው የድምፅ ሥርዓት ያልተማረ እንደ ሆነ ግን፣ የልጁ ስሕተት ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ «በል ድገም» ከማለት በቀር የሚያደርገው አይኖረውም።

እዚህ ላይ የቆዩት የቤተ ክህነት መምህራን ሊታወሱ ይገባል። ልጅ «ሀ ሁ»ን በዜማ ካጠና በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። አቡጊዳ ደግሞ ፊደሉን በሌላ ሥርዓት ያስኬደዋል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ከእያንዳንዱ ፊደል ቤት አንድ አንድ እየመረጠ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይወርዳል፤ ቀጥሎም በ፣ ጉ፣ ዲ ብሎ ይጀምራል። ልጁ በ«ሀ ሁ» ያጠናው ዜማ እዚህ አይረዳውም፤ ፊደሉን በመልኩ እንጂ በተራው ሊያውቀው አይችልም። በቃል የተጠናና በዓይን የታወቀ ነገር የተለያዩ መሆናቸውን የሚፈትሽ ብልሃት ነው። የኔታ ይህን ብልሃት ከየኔታቸው ተቀብለው በየደጀ ሰላሙ አስተማሩበት። በብዙ ዘመናዊ ክፍሎች ግን የቀረው የመጀመሪያው ዜማ ብቻ ነው፤ ፈተናው ተረስቷል። ልጆች ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ሲዘምሩ የሚሰማ ጎብኚ ማንበብ ቻሉ ብሎ ተደስቶ ይመለሳል።

ሒሳብም ከዚህ አይቀልም። ሊፒንግ ማ የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ የአሜሪካንና የቻይናን የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን አነጻጽረዋል። ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ አንድ ከሦስት አራተኛን ለአንድ ሁለተኛ ማካፈልና ለዚሁ ስሌት የሚስማማ ታሪክ መፍጠር ነበር። ሰባ ሁለቱ የቻይና መምህራን ሁሉ ስሌቱን በትክክል ሠሩ፤ ከሃያ ሦስቱ አሜሪካውያን ግን በትክክል የጨረሱት ዘጠኙ ብቻ ነበሩ። ታሪክ ፍጠሩ ሲባሉ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ። አንድ ኩንታል ከሦስት ሩብ ጤፍ ግማሽ ኩንታል በሚይዝ ጆንያ ቢሰፈር ሦስት ጆንያ ሞልቶ አራተኛው እስከ እኩሌታው እንደሚደርስ የገባው መምህር ለልጁ የሚያሳየው ነገር አለው። «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ» የሚለውን ብቻ የሸመደደ ግን የሚያወርሰው ያንኑ ሽምደዳ ነው።

ዲግሪን ለሚደግፉ ሰዎች ይህ ጥናት ምቾት የማይሰጥ ነገር ይዟል። አሜሪካውያኑ መምህራን የኮሌጅ ትምህርት የጨረሱ ሲሆኑ፣ ቻይናውያኑ ግን በአብዛኛው ዘጠነኛ ክፍልን ካጠናቀቁ በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በመምህራን ማሠልጠኛ የተማሩ ነበሩ። የበለጠ ያወቁት ባለ ዲግሪዎቹ አልነበሩም። ልዩነቱን ያመጣው የሚያስተምሩትን ሒሳብ ራሱን በጥልቀት ማጥናታቸውና ሥራ ከጀመሩም በኋላ የትምህርት መጽሐፉን ከባልደረቦቻቸው ጋር እየተመካከሩ መመርመራቸው ነበር። እንግዲህ ወረቀቱና ዕውቀቱ አንድ ናቸው ብሎ ለመከራከር አይቻልም። ሊከራከሩበት የሚገባው ዲግሪው ምን ይዞ ይገኛል የሚለው ነው። ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳመለከቱት፣ መምህር ከትምህርቱ ይዘትና ከአጠቃላይ የማስተማር ዘዴ ሌላ፣ ሁለቱ የሚጋጠሙበት የራሱ የሆነ የዕውቀት ዓይነት አለው፤ ይኸውም ያ ትምህርት ለተማሪ በየት በኩል እንደሚከብድና በምን ምሳሌ እንደሚቃና ማወቅ ነው።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ መምህራን ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ደረጃ የሚያስፈልገው የሥልጠና መጠን ትምህርት ቤቶች በተስፋፉ ቁጥር ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት፣ የትምህርት እርከኑ ሲለወጥ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት፣ ቀጥሎም ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት እየተባለ ተጉዟል። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ ሥራ ፈጽሞ ርቆ ነበር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተቋቋመው የባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ባለሙያዎችን ለማፍራት የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ዓላማው ተመራቂዎቹ መምህራንን እንዲያሠለጥኑ፣ በጎልማሶች ትምህርትና በገጠር ልማት እንዲያገለግሉ ነበር እንጂ፣ አንደኛ ክፍል ገብተው ጠመኔ እንዲይዙ አልነበረም። ሐሳቡ በጊዜው የነበረውን የባለሙያ እጥረት ስናይ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ሆኖም ከፍተኛ ትምህርት የቀመሰ ሰው ሕፃናቱን በሩቅ ሆኖ ይረዳል የሚል ልማድ ተከለ።

በኋላም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተግባራዊ ሆኖ የክረምት ትምህርት ሲስፋፋ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መምህራን ከትንሽ ደመወዛቸው እየቆጠቡ፣ ዕረፍታቸውን ትተው፣ በዝናብና በጭቃ እየተመላለሱ ዲግሪያቸውን ያዙ። ትጋታቸው ሊመሰገን ይገባል። ያጠኑት ግን ብዙውን ጊዜ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ባዮሎጂ ወይም የትምህርት አመራር ነበር። የሦስተኛ ክፍል መምህርት የነበረች ሴት በክረምት ጂኦግራፊ ተምራ ስትመረቅ፣ ዲግሪዋ በቀጥታ የሚያገለግልበት ቦታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህም ትሄዳለች፤ የደመወዝ እርከኑም፣ ክብሩም ወደዚያ ይጠራታል። በእርስዋ ምትክ አዲስ ሰው ይገባል። ሥርዓቱ ልምድ ያላቸውን መምህራን እያስተማረ ከታችኛው ክፍል የሚያስወጣ መሰላል ሆኗል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በአንጻሩ ፊንላንድ የሄደችበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። በዚያች አገር የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በኡኖ ሲግኔዎስ መሪነት በዩቬስኩላ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1863 ተከፈተ፤ ከመቶ ዓመት በላይም ሴሚናሪዎችና ኮሌጆች ሥራውን ይዘው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሕግ መሠረት የክፍል መምህራን ሥልጠና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ደረጃው ሁለተኛ ዲግሪ እንዲሆን ተደረገ። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚያስተምረው መምህር ዋና ትምህርቱ የትምህርት ሳይንስ ሲሆን፣ ለአምስት ዓመት ያህል ይማራል፤ የምርምር ጽሑፍ ያቀርባል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚያስተዳድራቸው የልምምድ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በልምድ የበሰሉ መምህራን እያዩት ያስተምራል። ለብዙ ዓመታት ወደዚህ ትምህርት ለመግባት ካመለከቱት መካከል የሚቀበሉት ከአሥር አንዱን ያህል ነበር። የፊንላንድ ተማሪዎች በዓለም አቀፍ ምዘና ያገኙት ውጤት ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ እየቀነሰ መምጣቱ መሸሸግ የለበትም፤ ዲግሪው ብቻውን ሁሉን አይፈውስም። ነገር ግን አንድ ነገር ተፈጽሟል። ባለ ሁለተኛ ዲግሪው በአንደኛ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር ማንም ቦታው ጠፍቶበት ነው አይለውም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ፊንላንድ ሕዝቧ ጥቂት ነው፤ በኢትዮጵያ ግን የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን በመቶ ሺህዎች ይቆጠራሉ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ባለ ዲግሪ ለማድረግ መሞከር የክረምቱን ትምህርት ወደ ወረቀት ማደያነት ሊለውጠው ይችላል፤ የችኮላ ሥልጠና ምን እንደሚያስከትልም ያለፉት አሠርት ዓመታት አሳይተዋል። ለዚህ ተቃውሞ የሚሰጠው መልስ ቁጥሩን ትቶ ከየት እንደሚጀመር መወሰን ነው። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የታችኛውን ክፍል ንባብና ሒሳብ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያጠናች አንዲት መምህርት ብትኖርና በዚያው ክፍል እያስተማረች ባልደረቦቿን ብታማክር፣ ያ ራሱ ትልቅ ጅማሬ ነው። ከጀማሪ መምህርነት እስከ መሪ መምህርነት የተዘረጋው የዕድገት መሰላልም መምህርቷ አንደኛ ክፍልን ሳትለቅ ልትወጣው የምትችለው መሆን ይኖርበታል። ደመወዙ ከክፍሉ ቁጥር ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን የትኛውም ሥርዓተ ትምህርት አያቆማትም።

ዲግሪው የሚይዘውን ትምህርት በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁሉም የሚሰጡትን የሥነ ልቦና መግቢያ ጥቂት አሻሽለው ቢያቀርቡ አይበቃም። ሠልጣኙ በሚያስተምርበት ቋንቋ፣ ይኸውም በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ፣ በሶማልኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ የድምፁንና የጽሕፈቱን ሥርዓት ማወቅ አለበት። በላቲን ፊደል ለሚጻፈው ቋንቋ የሚሠራው ዘዴ ለግዕዝ ፊደል እንዳለ አይሠራም፤ በላቲኑ መጥበቅ በፊደል ድግግሞሽ ይታያል፣ በግዕዙ አይታይም። ይህን ልዩነት በአንድ የጋራ መማሪያ መጽሐፍ ለማለፍ መሞከር ሁለቱንም መበደል ነው። የመመረቂያ ጽሑፉም ከመጻሕፍት ቤት ተቀድቶ ከሚቀርብ ይልቅ፣ አምስት ልጆችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ስሕተታቸውን በመመዝገብ ቢሠራ ለሠልጣኙም ለዩኒቨርሲቲውም ይጠቅማል።

የልምምድ ማስተማሩ ጊዜም መታሰብ አለበት። ሠልጣኙ ወደ ትምህርት ቤት የሚላከው በዓመቱ እኩሌታ ላይ ከሆነ፣ ክፍሉ ሥርዓት ይዞ፣ ልጆቹ ከመምህራቸው ጋር ተላምደው ያገኛቸዋል። የአንደኛ ክፍል ከባዱ ሥራ ግን በመስከረም ነው፤ ልጁ ከእናቱ እጅ ተለይቶ ሲገባ፣ እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ ሳያውቅ፣ አንዳንዱ የመምህሩን ቋንቋ ጨርሶ ሳይሰማ በሚቀመጥበት በዚያ ሦስት ሳምንት ነው። የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዘመን አቆጣጠር ይህን ባይፈቅድ፣ ለእነዚህ ሠልጣኞች ብቻ የተለየ መርሐ ግብር ወጥቶ ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን አንሥቶ በክፍሉ ውስጥ እንዲገኙ ሊደረግ ይገባል።